ከመርዶ ቀድሞ የሄደ መልእክት

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁለት መልስ አለኝ። ለፈረንጆቹ «ሶፍትዌር አከራያለሁ» እላለሁ፤ ፊታቸው ወዲያው ይለወጣል፣ ወንበር የሚስቡልኝም አሉ። ለኛ ሰው ግን «ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሱቅ አለኝ፣ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ» እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ የማወጋችሁ በመጀመሪያው ሥራ የተነሳ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የገጠመኝን ነው። እስከዚያ ዓርብ ድረስ ኪራይ ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ስሜ ሙሉጌታ ነው፤ ደንበኞቼ ሙሌ ይሉኛል። የተማርኩት መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ብሎንና ቆርቆሮ ስሸጥ አድጌ፣ ገዢ ዕቃ አንስቶ መልሶ ሲያስቀምጥ በሆዱ ምን እያለ እንደሆነ ሳልጠይቀው አውቃለሁ። ኦክላንድ ከገባሁ ወዲህ ያልሸጥኩት የለም፤ ሻንጣ፣ ነጠላ፣ የስልክ ካርድ። ሰው በነጻ መደወል ሲጀምር የስልክ ካርዱ ንግድ በአንድ ክረምት ሞተ፤ ቀባሪ እንኳ አላገኘም።

ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባችኝ ሩት ናት። እናቷ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ሩት ሳን ሆዜ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው አንድ ካምፓኒ ውስጥ ኢንጂነር ሆና የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ሱቅ መጥታ፣ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ መኮንን ባንኮኒዬ አጠገብ ተቀምጠው ስልክ ሲደውሉ አየቻቸው። ጋሽ መኮንን በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት እያንዳንዱን አባል ለየብቻው እየደወሉ ይናገሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰላምታ፣ የልጆች ደህንነት፣ የጉልበት ሕመም፣ ከዚያ ሐዘኑ። ሩት ትንሽ ሰምታ «አንክል ሙሌ፣ ይሄ እኮ አንድ ክሊክ ነው» አለችኝ።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩን አንሸጥም። ኢንተርኔት ላይ እኛ ጋ ተቀምጧል፤ እነሱ ክላውድ ላይ ነው ይላሉ። እድሩ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል፣ አባላቱ በስልካቸው እየከፈቱ ይገባሉ። አንድ ሰፊ ግቢ አስቡ። የኦክላንዱ እድር አንድ ክፍል፣ የሳን ሆዜው ሌላ ክፍል፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ የምንጠግነው እኛ ነን። ግቢውን የሠራችው ሩት ናት፣ ተከራይ የማመጣው እኔ። መርካቶ ላደገ ሰው ኪራይ አይብራራለትም። ተከራይ ይገባል፣ ይቆልፋል፣ ይከፍላል፤ አከራይ ይተኛል።

እድሩ ተሰብስቦ ነገሩን የተቀበለ ቀን ሩት ስክሪን ላይ እያሳየች አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ሰው ሲሞት መልእክቱ መጀመሪያ ለማን ይሂድ?»

«ለሁሉም!» አለ አንዱ።

«ፊደሉ ይተልቅ!» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

በቃ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው የፊደል ሆነ። ይተልቅ፣ አይተልቅ፣ ይጥቆር፣ አረንጓዴ ይሁን። እኔ ሳምቡሳ እያደልኩ ነበር። ሩት መልስ ሳታገኝ ወደ ሳን ሆዜ ተመለሰችና በራሷ ልብ የመሰላትን አደረገች። ምን እንዳደረገች እስከዚያ ዓርብ ድረስ አንዳችንም አላወቅንም፤ በመካከሉ የሚያሳዝን ነገር ስላልገጠመን የላክነው ሁሉ የስብሰባና የመዋጮ መልእክት ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ጋሽ መኮንን ደወሉ።

«ሙሉጌታ፣ ደህና ዋልክ?»

«ደህና ጋሼ፤ እርስዎስ?»

«የብዙአየሁ እናት ዐረፉ።»

ብዙአየሁን ሁላችንም ብዙዬ ነው የምንላት። ዲቪ ደርሷት የመጣች፣ ከኦክላንድ በስተደቡብ ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና የምትነዳ፣ እዚህ አገር ወንድምም እህትም የሌላት ሴት ናት። እናቷ ደብረ ብርሃን ነበሩ።

«ወንድሟ ነው ደውሎ የነገረኝ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ነገ ማለዳ ቤቷ ሄደን መርዶውን እንነግራታለን። ሴቶቹን እያሰባሰብኩ ነው። ደግሞ እንዳስተማርከኝ ማስታወቂያውን እኔው ራሴ በስልኬ አስገባሁት። ማንም አላገዘኝም።» በሐዘኑ መሐል ትንሽ ኩራት ቢጤ ድምፃቸው ውስጥ ነበረች።

«አበጁ ጋሼ። ለአባላቱ ደረሰ?»

«እንጃ፤ እኔ ጋ እስካሁን አልመጣም።»

እኔም ስልኬን አየሁ። እኔ ጋም አልመጣም። መልእክት ከተላከ ደግሞ አንድ ሰው ጋ መድረስ አለበት። የአከራዩን ገጽ ከፈትኩ፤ በየክፍሉ ምን እንደተላከ የማይበት ነው። እንዲህ ይላል፤ «የሐዘን ማስታወቂያ። ለቤተሰብ፦ ተልኳል። ለአባላት፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይላካል።» ከሥሩ የብዙዬ ስም፤ ከስሟ ፊት አንዲት ግራጫ ነጥብ። መልእክቱን የተቀበለው ሰው ከፍቶ ሲያነብ ያቺ ነጥብ አረንጓዴ ትሆናለች።

ሩት ቤተሰብን አስቀድማለች።

ጋሽ መኮንን ባንኮኒዬ አጠገብ ተቀምጠው በደወሉበት ዘመን ሁሉ ጣታቸው የሐዘንተኛውን ቁጥር ራሱ ይዘለው ነበር። ዝለሉት ያላቸው ማንም የለም። ስለዚህ ለማሽኑም ዝለለው ያለው የለም። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ የሚደግፍ ክንድ ከግራም ከቀኝም ይቆማል፣ ከዚያ ነው አፍ የሚከፈተው። ይህን እንደ ሕግ ቁጭ አድርጎ የጻፈው ሰው ኖሮ ቢሆን ለሩት እናሳያት ነበር።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ነገ ማለዳ የሚለውን ይተዉት። ሴቶቹን ለዛሬ ያሰባስቧቸው።»

«ምነው?»

«መልእክቱ ቀድሞ እሷ ጋ ሄዷል።»

«በስልክ?» አሉ። አንዲት ቃል ብቻ።

«ገና አልከፈተችውም።»

«እኔ ነኝ የላክሁባት?»

«አይደሉም ጋሼ። እርስዎ የተባሉትን ነው ያደረጉት።»

«እንግዲህ ሂድ» አሉኝ። «እኔ ቤቷ እጠብቃለሁ።»

ሚዛኑ ላይ ሽሮ ያስቀመጡ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። «እትዬ፣ እንዲሁ ይውሰዱት» አልኳቸው። ነጋዴ ሳያስከፍል ሱቅ ሲዘጋ ቀልድ እንዳልሆነ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ ወጡ።

ወደ ደቡብ በ880 አውራ ጎዳና ተያያዝኩት። ስልኬን ፊት ለፊቴ አቁሜዋለሁ፤ ግራጫዋ ነጥብ እያየችኝ ነው። ሩት ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። መጋዘኑ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ የሠራተኛ ዕቃ በሚቆለፍበት ሎከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ግን ዕረፍት አላት። ፎርክሊፍቱን አቁማ፣ ሎከሯን ከፍታ፣ ቁጭ ብላ ስልኳን የምታይበት ሰዓት አለ። ያ ሰዓት አልፎ ይሁን ሊመጣ ይሁን አላውቅም።

ሄይዋርድ ከተማ አካባቢ ስልኬ ጮኸ። ሩት ናት ብዬ አነሳሁት። ብዙዬ ናት።

«ሙሌ፣ እንዴት ዋልክ? ከእድር መልእክት መጥቶልኝ ልከፍት ስል ፓስዎርድ ይለኛል። ረስቼዋለሁ።»

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የካምፓኒያችን የደንበኞች አገልግሎት ክፍል እኔ ነኝ። ፓስዎርድ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚደውለው ለኔ ነው፤ ከቅዳሴ ላይ ወጥተው የደወሉልኝ አሉ። የሀበሻን ፓስዎርድ መርሳት ስረግም ኖሬ ያን ቀን ብቻ ባረኩት።

«የልደቴን ቀን ሞከርኩ፣ እንቢ አለ። አዲስ ስጠኝ እስቲ፤ ዕረፍቴ ሊያልቅ ነው።»

«ሲስተሙ ዛሬ ችግር አለበት ብዙዬ። ለማንም አይከፍትም።»

«ኪራይ ግን ይቀበላል አይደል?» ብላ ሳቀች።

«እሱ ክፍል መቼ ተበላሽቶ ያውቃል።»

«ምን ይሆን ግን? ሰው ሞተ እንዴ?»

አጠገቤ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እያለፈኝ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቅኩት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። የቻይናውን ብሎን የጣልያን ነው ብዬ ሸጫለሁ፣ የትናንቱን ዳቦ የዛሬ ነው ብያለሁ፤ ምላሴ ተይዞ አያውቅም።

«የስብሰባ ነገር ነው መሰለኝ» አልኩ።

«እስቲ ይሁን። እማዬ ጋ ስደውል አታነሳም፤ ለዚያ ነው ቀልቤ ያልተረጋጋው።»

«ኔትወርክ ነዋ።»

«ኔትወርክ ነው» አለች። ለራሷ ነበር የምትነግረው።

«ስሚ፣ እኔ ኒውአርክ ዕቃ ላነሳ እየመጣሁ ነው። ስትወጪ ልጠብቅሽና ስልክሽን አስተካክልልሻለሁ።»

«ለፓስዎርድ? ከኦክላንድ?»

«ለዕቃ ነው አልኩሽ። ፓስዎርዱ ምርቃት ነው።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ፎርክሊፍቷ ተመለሰች። ምላሴ ያን ጊዜም አልተያዘም። እንደዚያ መሆኑ ራሱ ደስ አላለኝም።

ወዲያው ሩት ደወለች።

«አንክል ሙሌ፣ ሚቲንግ ላይ ነበርኩ። ሲስተሙ ዳውን ነው?»

«ቢወርድ ይሻለን ነበር» ብዬ ነገርኳት።

ሰማችኝ። ከዚያ «ኦኬ፤ ግን አልገባኝም» አለች። «እናቷ ናት። ከሁሉም በፊት እሷ ማወቅ የለባትም? ፋሚሊ ፈርስት ያደረግኩት ለዚያ ነው። ሌላ ሰው ከእሷ ቀድሞ ቢያውቅ ሩድ ይሆናል ብዬ።»

ልጅቷ በክፋት አልሠራችውም። ይልቁንም ከሁላችን በላይ የተጨነቀችው እሷ ናት፤ እኛ ስለ ፊደል ስንጨቃጨቅ እሷ ስለ ሐዘንተኛው ቤት አስባለች።

«ሩትዬ፣ አትወቅ አይደለም የምልሽ። አሁን የት ናት? መጋዘን። አጠገቧ ማን አለ? ማንም። ከዚያ ወደ ቤቷ በ880 ማን ይነዳል? እሷው ራሷ።»

«የኔ እናት ብትሆን እኮ ማንም እንዲደብቀኝ አልፈልግም።»

«መደበቅ አይደለም። እስክንደርስላት ነው። እናትሽ የአባታቸውን መርዶ እንዴት እንደሰሙ አንድ ቀን ጠይቂያቸው።»

የቢሮዋ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

«ምን ላድርግ?»

«መልሰሽ ማንሳት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። ጽሑፉ ስልኳ ላይ የለም፣ እኛ ጋ ነው ያለው። እሷ ጋ ያለው ሊንኩ ብቻ ነው። የአባላቱንም አቆመዋለሁ። ግን አንክል፣ ውሸት አልጽፍም። ‹ስብሰባ አለ› ምናምን አልልም።»

«ውሸቱን ለኔ ተይው፤ ልምድ አለኝ። አንቺ በሩን ብቻ ዝጊው።»

ዘጋችው። ብዙም ሳይቆይ ግራጫዋ ነጥብ ከስልኬ ላይ ጠፋች። ሸጠንላቸው ቢሆን ኖሮ እጃችን አይደርስበትም ነበር፤ ያከራየነው ስለሆነ ደረሰበት።

ግን ነገሩ አላለቀም። ስልክ የሚመጣበት ብዙ በር አለው። አንድ የአጎት ልጅ ፌስቡክ ላይ የእናቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ቢለጥፈውስ? አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ቢጽፍላትስ? ያን ደግሞ ሩት አትዘጋውም። ስልኩ ከእጇ መውጣት አለበት፤ መኪናዋንም ብቻዋን መንዳት የለባትም።

መጋዘኑ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ እስክትወጣ ጠበቅኳት። ስትወጣ ቢጫ ሰደርያዋን እንዳደረገች ነው፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላዋለች።

«ዕቃህን አነሳህ?»

«አልደረሰም አሉኝ። ስልክሽን አምጪው።»

ሰጠችኝ። እየነካካሁ እንደሚሠራ ሰው ግንባሬን ቋጠርኩ። «ጊዜ ይፈጃል። አጉል ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ መኪናዬ ሞተብኝ። ባትሪው ነው። ኦክላንድ እስከ ቤትሽ ድረስ ትወስጂኛለሽ?»

«ኬብል አለኝ» አለች።

ይህን አላሰብኩትም።

«ኧረ ተዪው።»

«ምን ተዪው? የመኪናዬ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው፤ አሁን እናስነሳዋለን።» ወደ መኪናዋ መሄድ ጀመረች።

«ብዙዬ፣ በኬብል የሚነሳ አይደለም። ነገ መካኒክ ይዤ እመጣለሁ።»

«ሳንሞክረው?»

«ሞክሬዋለሁ። አንድ ፈረንጅ በኬብል ሞክሮልኝ እንቢ አለ።»

«የቱ ፈረንጅ?»

«ሄደ።»

አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ መኪናዬን በኪሴ ባለው ቁልፍ ቆልፌ ተከተልኳት። መኪናዋ ውስጥ ስንገባ መሪውን ይዛ ትንሽ ተቀመጠች፤ ሞተሩን አላስነሳችም። የደከማት መሰለኝ።

«በየት ልሂድ?» አለችኝ።

«በ880 ነው እንጂ፤ ያው ቀጥታ ነው።»

«በላይ በ580 ልሂድ» አለች። «ኮረብታው ያምራል።»

በ580 ዙሪያ ጥምጥም ነው። በቀኝ በኩል፣ ቀርፋፋ መኪኖች በሚያዘግሙበት መስመር ገብታ ቀስ ብላ መንዳት ጀመረች። ስልኳ ጭኔ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ በእጄ ሸፈንኩት። እሷ መንገዱን ነበር የምታየው።

«እማዬ እኮ ስልክ መዝጋት አትችልም» አለች ድንገት።

«እንዴት?»

«አይሆንላትም። ‹በይ ደህና ዋይ› ትለኝና ስልኩን እንደተከፈተ መሬት ታስቀምጠዋለች። እኔም አልዘጋባትም። ጓዳ ስትንጎዳጎድ እሰማለሁ፤ ዶሮ ስታባርር፣ ጎረቤት ስትሰድብ። አንድ ቀን ወደ ሥራ እየነዳሁ ስመጣ አብራኝ መጣች። እሷ አላወቀችም። ‹እቺ ልጅ ዛሬ ድምጿ ደከመብኝ› እያለች ለጎረቤቷ ስታማኝ ሰማሁ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ምን እንደከበደኝ አልነግራችሁም።

«ምን አለች ጎረቤቷ?»

«‹ትብላ› አለቻት።» እንደገና ሳቀች። «ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ እሱ ነው ለነሱ። ሙሌ፣ አንተ እናት አለህ?»

«የለችኝም። ወንድም ብቻ ነው ያለኝ፤ አዲስ አበባ።»

«ይደውልልሃል?»

«ብር ሲፈልግ።»

«ይደውላል ማለት ነው» አለች።

እንዲህ እያወራን ነው የደረስነው። እሷ ታወራለች፣ እኔ እጠይቃለሁ። እናቷ ለበግ ነጋዴ ምን እንደመለሱለት፣ ብርድ ሲሆን ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው በር ላይ ሆነው ሰፈሩን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ። ሁሉንም «ናት»፣ «ትላለች» እያለች ነው የምታወራው። እኔም «ናቸው» እያልኩ እቀበላታለሁ።

ፍሩትቬል ሰፈሯ ስንገባ መንገዱ ዳርና ዳር በመኪና ተሞልቷል። የጋሽ መኮንን አሮጌ መርሴዲስ ከፊት ለፊት ቆሟል። በሯ ላይ ነጠላ የለበሱ ሴቶች አሉ። መኪናዋን አቁማ ሞተሩን አጠፋች።

«ሙሌ፣ ስልኬን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። አላየችውም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ዚፑን ዘጋች፣ ቢጫ ሰደርያዋን አውልቃ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በሩን ከፈተች።

ጋሽ መኮንን በጥቁር ሱፍ ደረጃውን እየወረዱ ነበር። ሴቶቹ ከሁለት ወገን ቀረቡ። ቃሉን የተናገሩት ጋሽ መኮንን ናቸው፤ በዝግታ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ስትወድቅ መሬት አልነካችም፤ ክንድ ነበረ። የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሩት ከሳን ሆዜ እናቷን ይዛ መጥታ ኖሮ በር ላይ ቆማለች፤ የቢሮ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው። ብዙዬን የያዙትን ክንዶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ መታወቂያዋን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ወንበር ልታመጣ ገባች።

በሳምንቱ ልጠይቃት ስሄድ ብዙዬ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«መኪናህ ዳነች?» አለችኝ።

«ዳነች። ባትሪው ነው።»

«ባትሪው የሞተ መኪና በሪሞት ሲቆለፍ ‹ጢን› ይላል እንዴ ሙሌ? መብራቱም ብልጭ አለ።»

እንደ ልማዴ መኪናዬን ስቆልፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ምናለሽ ተራን ያለፍኩ ሰው በመኪና ቁልፍ ተያዝኩ።

«ያኔ አወቅሽ?»

«ያኔ አወቅኩ። ማን እንደሆነም አወቅኩ። ስልክ አላነሳችማ።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ብጠይቅህ ትነግረኛለህ። ካልጠየቅኩህ እማዬ እስከ ቤት ድረስ አለች። በ580 የሄድኩት ለዚያ ነው። ስለ እሷ ‹ነበረች› ሳልል ማውራት የምችልበት የመጨረሻው መንገድ ነበር። አንተ ደግሞ ጥሩ አድርገህ ትጠይቅ ነበር።»

እኔ እሷን እያሻገርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ናት ለካ ስትነዳ የነበረችው፤ በሁሉም በኩል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ኪራይ የሚለው ቃል ለኔ ሌላ ሆነ። ብሎን ስሸጥ ገዢው ብሎኑን ይዞ ይሄዳል፤ ምን ላይ እንደሚያስረው የራሱ ጉዳይ ነው። የሚከራይ ነገር ግን ከእጅህ አይወጣም። ሰውዬው በከፈተው ቁጥር አንተ እዚያው አለህ፤ በሠርጉም በሐዘኑም አብረኸው ቤቱ ውስጥ ተቀምጠሃል። ተከራይ ቆልፎ አከራይ የሚተኛበት ኪራይ ይህኛው አይደለም። ዛሬ አዲስ እድር ሊከራየን ሲመጣ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ቁጭ ብዬ «እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚነገረው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላው የፈጠነ ሻጭ እስኪጨርስ እኔ ገና እየሰማሁ ነኝ። ተከራዮቼ ግን አይለቁም፤ ነጋዴ ነኝና ይህንንም ልብ ብዬዋለሁ።

ሩት ደግሞ እናቷን ጠየቀቻቸው። ምን እንደነገሯት አላውቅም። ተመልሳ መጥታ ግን ሶፍትዌሩን ለሁሉም እድር ለወጠችው። አሁን የሐዘን ማስታወቂያ ሲገባ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ይጠይቃል፤ «መርዶው ተነግሯል?» አልተነገረም ከተባለ «ማን ይነግራል?» ብሎ ይጠይቃል። ከሐዘንተኛው ቤት በቀር ለሁሉም ይልካል፤ ሐዘንተኛው ቤት ድርሽ አይልም። በስብሰባው ላይ ስታሳየን ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩት። ከዚያ እኒያ እናት ከኋላ «ፊደሉ ግን አሁንም ትንሽ ነው» አሉ።

ዘንድሮ አንድ እሑድ ማለዳ እንደ ልማዴ ተነስቼ የአከራዩን ገጽ ከፈትኩ። ሁሉም ክፍል ጸጥ ብሏል። የኛም እድር ምንም የለበትም፤ አዲስ መልእክት የለም፣ ነጥብ የለም። ደህና ሌሊት ነው ያሳለፍነው ብዬ ፊቴን ልታጠብ ስል በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ መኮንን ናቸው፤ በጥቁር ሱፍ፣ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ። ከጀርባቸው የእድሩ ወንዶች፣ ሩት ከእናቷ ጋር፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ብዙዬ። እኔን ሳይሆን እጄ ላይ ያለውን ስልክ ነበር የምታየው።

አንድ ወንድም ብቻ እንዳለኝ ነግሬያት ነበር።

ስልኬን አየሁት። ሶፍትዌሩ ከአከራዩም ደብቆታል። ሩት ጥሩ አድርጋ ሠርታዋለች።

ብዙዬ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋትና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው።